ንጋት ላይ አፉን ከውኃ በላይ የሚያወጣ ካርፕ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ካርፕ የተባለውን ዓሣ በሞቃትና በደረቅ ወራት ስለ ማቆየት የሚጠይቁ ናቸው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚያስፈልገው አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ከባቱ ከተማ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ውስጥ 500 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የዓሣ ኩሬ አለኝ። ክረምቱ ሲወጣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ20 ነበር፤ አሁን ወደ 85 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። ባለፈው ክረምት 900 የካርፕ ጫጩቶችና ጥቂት አምባዛ አስገብቼ፣ ለሁዳዴ ጾም ገበያ እንዲደርሱልኝ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቀላቅዬ ጠዋትና ማታ በቀን 12 ኪሎ ግራም ያህል እሰጣለሁ፤ በየሳምንቱም ትኩስ የከብት ፍግ እጨምራለሁ። ናሙና አውጥቼ ስመዝን አንዱ ካርፕ በአማካይ 350 ግራም ደርሷል፤ ቁጥራቸውንም 700 ያህል ብዬ ገምቼ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን በሁለት ጠዋት 63 ካርፕ ሞቶ አገኘሁ። የሞቱት አብዛኞቹ ትልልቆቹ ናቸው፤ ከአምባዛው አንድም አልሞተም። የተረፉት ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ደህና ሆነው ይዋኛሉ። ውኃው ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ሲሆን ከሰዓት በኋላ ስለካው 28 ዲግሪ ሆነ። አንዱ ጎረቤቴ ቲማቲም ማሳ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ነው ይለኛል፤ ሌላው ሙቀቱ ነው፣ ኖራ ጨምርበት ይላል። ፋሲካ እስኪደርስ እንዴት ላቆያቸው?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ደብዳቤዎ ስንት እንደሞተ ብቻ ሳይሆን መቼና የትኛው እንደሞተ ጭምር ስለሚናገር መልሱ ከሞላ ጎደል በውስጡ አለ። ካርፕ ሙቀት የሚወድ ዓሣ ነው፤ ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ውኃ ውስጥ ደህና አድርጎ ይበላል፣ ያድጋልም። ስለዚህ የለኩት 28 ዲግሪ በራሱ አልገደላቸውም። መርዝም ቢሆን ኖሮ ሌሊትና ቀን ሳይመርጥ፣ ትንሹን ከትልቁ ሳይለይ ይገድል ነበር፤ እንቁራሪቱና የውኃ ላይ ነፍሳቱም አብረው ባለቁ ነበር፤ አምባዛውም አይተርፍም ነበር። የእርስዎ ዓሦች የሞቱት ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ ቀድመው የሄዱት ትልልቆቹ ናቸው፤ አየር በቀጥታ መሳብ የሚችለው አምባዛ ግን አልተነካም። እነዚህ ሦስት ምልክቶች አንድ ላይ ሲገኙ የሚያመለክቱት በውኃው ውስጥ የተሟሟው ኦክስጅን ሌሊት ማለቁን ነው። ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዘው ወደ ኩሬው ቢወርዱ ካርፖቹ በዳር ተሰብስበው፣ አፋቸውን ከውኃው ገጽ ላይ አውጥተው አየር ሲስቡ ያገኟቸዋል ብዬ እገምታለሁ። ወደፊት ሞቱ በቀትር ከመጣና እንቁራሪቱም አብሮ ከሞተ ግን ጎረቤትዎ ያሉት ትክክል ሊሆን ስለሚችል፣ ከዓሣው አንድም እንዳይበላ፣ እንዳይሸጥም አድርገው ወዲያውኑ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ።

ሙቀቱ ጥፋት የለበትም ማለቴ ግን አይደለም፤ ጥፋቱ በተዘዋዋሪ ነው። ውኃ በሞቀ ቁጥር ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የዓሣው የመተንፈስ ፍላጎት ደግሞ በተቃራኒው ይጨምራል። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ንጹሕ ውኃ በአንድ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ 30 ዲግሪ የሆነው ከ7.5 ብዙ አያልፍም። እርስዎ ያሉት ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በዚያ ከፍታ ያው 30 ዲግሪ ውኃ ከአየር ሊወስድ የሚችለው 6.2 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። በቆላማና በዝቅተኛ አገሮች የተጻፉ የዓሣ እርባታ መመሪያዎችን እንዳሉ ወስደው የሚሠሩ ሰዎች ይህን ልዩነት ሲዘነጉት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ቀን ላይ በአረንጓዴ ኩሬ ውስጥ ያለው አልጌ፣ ማለትም ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ተክል መሰል ሕይወት፣ በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ስለሚሠራ መጠኑ ውኃው ከአየር ከሚወስደው በላይ ሊሄድ ይችላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራው ይቆማል፤ አልጌው ራሱም እንደማንኛውም ሕያው ነገር ኦክስጅን እየተነፈሰ ያድራል፤ በኩሬው ወለል ላይ የተከማቸው ፍግ፣ የተራረፈ ፉርሽካና ኩስም ሲበሰብስ ይወስዳል። በጠቅላላው ሲታይ ሌሊት ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት አልጌውና ጭቃው እንጂ ዓሣው አይደለም። በአገራችን ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ያህል ስለሆነ ይህ ፍጆታ ረጅም ጊዜ አለው፤ ዝቅተኛው ነጥብም ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ያለው ሰዓት ነው። ካርፕ በሊትር ከ3 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን መጨነቅ ይጀምራል፤ ከ1 በታች ሆኖ ከቆየ ይሞታል። እኔም በሥራ መጀመሪያ ዘመኔ በቀትር ለክቼ 9 ሚሊ ግራም አግኝቼ ተደስቼ የተመለስኩበት ኩሬ በማግስቱ ጠዋት ግማሽ ዓሣው ተገልብጦ ጠብቆኛል። ከዚያ ወዲህ በቀትር የተለካ ቁጥር ሲነግሩኝ የንጋቱን ሳልጠይቅ አላልፍም።

አሁን ወደሚደረገው ልምጣ። ፍጉን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ውኃው እንዲህ ከጠቆረ በኋላ የሚጨመር ፍግ ለዓሣው ምግብ መሆኑ ቀርቶ የሌሊት ኦክስጅን ሌባ ይሆናል። መኖውንም ለሁለት ቀን ሙሉ በሙሉ ይተዉት። ካርፕ ለሁለትና ለሦስት ቀን ቢጾም አይጎዳም፤ ጭቃ ውስጥ የሚለቅመውም አያጣም። ከዚያ በኋላ ሲመልሱ በቀን 12 ኪሎ ሳይሆን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል። እርስዎ ይሰጡ የነበረው ከዓሣው ጠቅላላ ክብደት 5 በመቶ ያህል ነበር፤ ለዚህ ዕድሜና ለዚህ ውኃ ግን 2 በመቶ በቂ ነው። ሰዓቱም መለወጥ አለበት፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ምንም አይስጡ። ማታ የበላ ዓሣ ምግቡን ለመፍጨት ተጨማሪ ኦክስጅን የሚፈልገው ኦክስጅኑ እየቀነሰ በሚሄድበት ሰዓት ነው። መኖውን በአንድ ቦታ፣ በተቀደደ ጆንያ ወይም በሳህን ላይ አስቀምጠው ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢያዩት ተራርፎ ከሆነ በማግስቱ እንዲቀንሱ ያመለክትዎታል።

የውኃ መሳቢያ ሞተር ካለዎት ወይም ከጎረቤት መከራየት ከቻሉ፣ በእኔ ግምት ለእርስዎ ከመኖ ይልቅ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት የራሱን የኩሬውን ውኃ እየሳበ መልሶ ወደ ኩሬው እንዲረጭ ያድርጉ። የመሳቢያው ጫፍ ወለሉን ከነካ ኦክስጅን የሌለውን ውኃና ጭቃውን ስለሚያነሳ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይብሳል፤ ስለዚህ ጫፉን ከባዶ ጄሪካን ጋር አስረው ከውኃው ገጽ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲንሳፈፍ ያድርጉት። የሚወጣውን ውኃ በምስማር በተበሳሳ ቆርቆሮ ላይ አፍስሰው እንደ ዝናብ እንዲወርድ ካደረጉት ከአየሩ ብዙ ኦክስጅን ይዞ ይገባል። በአንድ ሞተር ኩሬውን በሙሉ መለወጥ አይቻልም፤ ነገር ግን ዓሦቹ ውኃው ወደሚወርድበት ማዕዘን ራሳቸው ይሰበሰባሉ፤ እዚያ የሚያገኙት መሸሸጊያ እስኪነጋ ያደርሳቸዋል። ናፍጣና ቤንዚን እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ሞተሩን በየሌሊቱ ማስነሳት እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነዳጁን ለአደገኞቹ ሌሊቶች ያስቀምጡት።

አደገኞቹ ሌሊቶች የትኞቹ ናቸው? ለብዙ ቀናት ሲተኩስ ቆይቶ ሰማዩ የደመነበት፣ ነፋስም የሌለበት ቀን ሌሊት ከሁሉ የከፋው ነው፤ አልጌው ቀን ላይ በቂ ብርሃን ስላላገኘ ያጠራቀመው ኦክስጅን ትንሽ ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ፣ በተለይም በረዶ የቀላቀለው፣ በድንገት ሲወርድ ነው። ቀዝቃዛው ዝናብ ወደ ታች ሲሰምጥ በወለሉ ላይ የተኛውን ኦክስጅን የሌለው ውኃ ወደ ላይ ይገለብጠዋል፤ ከበረት የሚወርደው ጎርፍም ይጨመርበታል። ሦስተኛው አረንጓዴው ውኃ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ቡናማ ወይም ወደ አመድማ ቀለም ሲለወጥ ነው፤ አልጌው ሞቶ መበስበስ ጀምሯል ማለት ስለሆነ በዚያ ጊዜ መኖውን ሙሉ በሙሉ አቁመው ሞተሩን ቀንም ሌሊትም ማሠራት ይኖርብዎታል። የውኃውን ጥቁረት ለመከታተል ነጭ የጣሳ ክዳን በዱላ ጫፍ ላይ ይቸንክሩና በቀትር ቀስ እያደረጉ ያጥልቁት። ከዓይንዎ የሚሰወረው ከ25 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ባለው ጥልቀት ላይ ከሆነ ኩሬው ደህና ነው፤ 20 ሳይደርስ ከጠፋ አልጌው ከልክ አልፏል። ካርፕ ወለሉን እየቆፈረ ውኃውን ስለሚያደፈርስ፣ የሚያዩት ጭቃ ይሁን አልጌ በብርጭቆ ቀድተው መለየት አይርሱ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚመዝነው ግን የዓሣው ብዛት ነው፤ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር በትሕትና የምከራከርበት ነገር አለኝ። ዓሣ በዐቢይ ጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የሃይማኖት አባቶች ጉዳይ ነው፤ ገበያው ግን በእነዚያ 55 ቀናት እንደሚደራ ኩሬ ያለው ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህም ሁሉም ዓሣውን ለጾሙ ያቆያል። ችግሩ ጾሙ የሚውለው በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ መሆኑ ነው። ስምጥ ሸለቆው የሚሞቀው፣ ውኃው የሚጎድለው፣ ዓሣውም ከፍተኛ ክብደቱ ላይ የሚደርሰው በእነዚያው ወራት ነው። ኩሬዎ ከክረምቱ ጥልቀት ጋር ሲነጻጸር ሠላሳ በመቶ የሚጠጋ ውኃ አጥቷል፤ የዓሣው ክብደት ግን ከገባበት ጊዜ ብዙ እጥፍ ሆኗል። የቀሩት 640 ካርፖች በአማካይ 350 ግራም ቢመዝኑ 224 ኪሎ ግራም ይሆናሉ፤ ይህም በሄክታር ሲሰላ 4,500 ኪሎ ገደማ ነው። አየር የሚነፋ መሣሪያ በሌለው ኩሬ በዚህ ወቅት ከ3,000 በላይ እንዲያስቀምጡ አልመክርም።

ስለዚህ የፋሲካን ዋዜማ ሳይጠብቁ ከትልልቆቹ 250 ያህሉን በዚህ ሳምንት አውጥተው ይሽጡ። ከጾሙ መጨረሻ የሚጠብቁት የዋጋ ጭማሪ በሁለት ጠዋት ያጡትን 63 ዓሣ ዋጋ ይሸፍን እንደሆነ እርስዎ ራስዎ አስሉት። ዓሣውን ማውጣት የሚጠቅመው በዋናነት የሚተነፍሰው ስለሚቀንስ አይደለም፤ ዓሣው ሲቀንስ መኖው፣ ኩሱና የሚበሰብሰው ነገር ሁሉ አብሮ ስለሚቀንስ ነው። የሚቀሩት ደግሞ ቦታ አግኝተው ስለሚያድጉ ለፋሲካ የሚደርሱት ዓሦች ዛሬ ካሉት ከብደው ይሆናል። ካርፕ አጥንቱ ስለሚበዛ ነጋዴው ቆሮሶን (ቲላፒያን) እንደሚያስቀድም አይካድም፤ አነስ ያለ ካርፕ ደግሞ ይበልጥ ስለሚናቅ ይህም ትልቁን መርጦ ቀድሞ መሸጥን ያበረታታል።

መረብ የሚጣልበት ሰዓት ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። ሥጋው እንዳይበላሽ በሚል በጎሕ የሚያወጡ አሉ፤ ነገር ግን ያ ሰዓት ኦክስጅኑ ባዶ የሆነበት ነው፤ በዚያ ላይ መረቡ ጭቃውን ሲያነሳው በኩሬው የቀሩት ያልቃሉ። ፀሐይ ከወጣች ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ፣ ከአንድ ጥግ ብቻ በመኖ አባብለው በአጭር መረብ ያውጡ፤ ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር አይጎትቱት። ከአንድ ቀን በፊት መኖ ከከለከሏቸው በመረቡም በመጓጓዣውም ላይ የተሻለ ይችላሉ። በረዶውን ዓሣው ከመውጣቱ በፊት ያቅርቡት። ሞቶ ያደረውን ዓሣ ግን፣ ዓይኑ ጥርት ብሎ ቢታይዎትም፣ ከሚሸጠው ጋር አይቀላቅሉ።

ስለ ውኃው ደግሞ አንድ ቀላል ስሌት ልስጥዎት። በሞቃትና ነፋሻማ ቀን 6 ሚሊ ሜትር ቢተን ከ500 ካሬ ሜትር ኩሬ 3,000 ሊትር፣ ማለትም 15 በርሜል፣ በአንድ ቀን ይሄዳል፤ በወለሉና በግድቡ የሚሰርገው ከዚህ ውጭ ነው። ይህን በየቀኑ መተካት ከቻሉ ጥሩ ነው፤ ካልሆነም በሳምንት አንድ ጊዜ 10 ሳንቲ ሜትር ለመጨመር ወደ 50 ሜትር ኩብ ያስፈልግዎታል። የጉድጓድ ውኃ ከሆነ ሲወጣ ኦክስጅን የለውም ማለት ይቻላል፤ እርሱንም በተበሳሳው ቆርቆሮ ላይ ማሳለፍ ግድ ነው። ከመስኖ ቦይ የሚቀዱ ከሆነ በአካባቢው መድኃኒት በተረጨ ማግስት አይቅዱ። ውኃ መልቀቅ ካለብዎት ደግሞ ከላይ ሳይሆን ከወለል በኩል ይልቀቁ፤ መውጣት ያለበት የታችኛው ውኃ ነው።

ኖራውን ተዉት። ኖራ ኩሬው ደርቆ፣ ዓሣ ሳይገባበት በፊት የሚሰጥ ነው። አረንጓዴ ኩሬ ከሰዓት በኋላ ፒኤቹ (የውኃው የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) 9 እና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፤ በዚህ ላይ ኖራ ሲጨመር ከኩሱና ከመኖው የመጣው አሞኒያ ወደ መርዛማው መልኩ ይለወጣል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 8 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማ የሚሆነው 5 በመቶ ያህል ነው፤ ፒኤቹ 9 ሲደርስ ግን 36 በመቶ ይሆናል። ጎረቤትዎ በቅን ልቦና የመከሩዎት ቢሆንም ምክሩ ቢፈጸም ኖሮ ከ63ቱ በላይ በቀትር ይሞቱ ነበር።

ጥላ ከኩሬው አንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ባለው ክፍል ላይ፣ በእንጨት ላይ በተዘረጋ የሸምበቆ ሰሌን ቢሠሩ ይጠቅማል፤ ሁሉንም ከሸፈኑት ግን ኦክስጅን የሚሠራው ብርሃን ይጠፋል። ለጥላ ብለው እምቦጭ እንዳያስገቡ አደራ እላለሁ፤ ጣናንና ቆቃን ያየ ሰው ለዚህ ማብራሪያ አይፈልግም።

ለሚመጣው ዓመት ኩሬው ሲደርቅ ጭቃውን አውጥተው ለማሳዎ ማዳበሪያ ያድርጉት፤ አንዱን ጥግም እስከ 2 ሜትር ያጥልቁት። ከ900 ጫጩት ይልቅ 500 ቢያስገቡ በጾሙ መግቢያ ላይ የከበደ ዓሣ ያገኛሉ። ኦክስጅን መለኪያ መግዛት ካልቻሉ በባቱ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ለእርስዎ ቅርብ ስለሆነ፣ ባለሙያ መጥቶ በንጋት እንዲለካልዎት መጠየቅ አያሳፍርም፤ ሲጠይቁ ግን በንጋት ብለው ያስረግጡ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር አካባቢ ነው የምጽፈው። ያሉኝ ሁለት መቶ የሚሆኑ ካርፖች ናቸው፤ ውኃው ከግንቦት በፊት ያልቃል ብዬ እሰጋለሁ። ከሚሞቱ ወደ ጣና በሚገባው ወንዝ ውስጥ ብለቃቸው ምን ይላሉ? ሲያድጉም አጥማጁ ይጠቀምባቸዋል።

መልስ፦ እባክዎ አይልቀቁ። ጣና በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ፣ በተለምዶ ነጭ ዓሣ እየተባሉ የሚጠሩ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ነው፤ ከእነርሱም በርካቶቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያሉ ወንዞች ወጥተው በጠጠራማ ወለል ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ካርፕ ወለል የሚቆፍር፣ ውኃ የሚያደፈርስ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚለቅምና አንዲት ሴት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል የምትጥል ዓሣ ነው። በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ በድንገት የገባው ካርፕ በአሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከአጥማጁ መረብ የሚወጣውን ዓሣ አብላጫ ይዟል። አጥማጁ ተጠቅሟል የሚል አለ፤ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ግን ማስወጣት እንደማይቻል ሁሉም ይስማማል።

ሁለት መቶ ዓሣ ብዙ አይደለም። ውኃው ከጉልበት በታች ሳይወርድ አውጥተው ትኩሱን ይሽጡ፤ ያልተሸጠውን በጨው አሽተው በጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ቋንጣ ያድርጉት፤ የአካባቢዎ ሰው ለዓሣ ቋንጣ እንግዳ አይደለም። ለዘር የሚሆኑ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ጤነኛ ዓሦች ብቻ መርጠው በሸራ በተሸፈነ ጉድጓድ ወይም በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ፣ በጥላ ሥር፣ መኖ እየቆጠቡ ወደ ክረምቱ ማሻገር ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በእንግሊዝ አገር ሲሆን ካርፕ በመንጠቆ ለሚያጠምዱ ሰዎች በቀን ትኬት በሚከፈት አነስተኛ ሐይቅ ውስጥ በጠባቂነት እሠራለሁ። በ2022 የበጋ ድርቅ ጊዜ ብዙ ዓሣ አጥተናል። አሠሪዬ ትኬት መሸጡን ማቆም አይፈልግም። ምን ምልክት ሳይ ይዘጋ ማለት አለብኝ?

መልስ፦ የዚያ ዓመት ሙቀት በእርግጥም ያልተለመደ ነበር፤ በአውሮፓውያኑ ጁላይ 19 ቀን በሊንከንሽር ውስጥ በምትገኘው ኮኒንግስቢ 40.3 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ ይህም በዚያች አገር እስከዚያ ቀን ከታየው ሁሉ ከፍተኛው ነው። እርስዎ ከባቱው አንባቢያችን የሚሻሉበት አንድ ነገር አለ፤ በጁላይ የእንግሊዝ ሌሊት 8 ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ አልጌው ኦክስጅን የሚወስድበት ጊዜ ያጥራል። የሚብሱበት ደግሞ ዓሣው ተይዞ ተመልሶ የሚለቀቅ፣ በዓመት ብዙ ጊዜ የሚደክም፣ ዕድሜውና ክብደቱም የገፋ መሆኑ ነው። አሥር ኪሎ የሚመዝን ካርፕ በሞቀ ውኃ ውስጥ ከመንጠቆ ጋር ሲታገል ቆይቶ ሲለቀቅ ዋኝቶ ሊሄድ ይችላል፤ ሞቶ የሚንሳፈፈው ግን በማግስቱ፣ አጥማጁ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ለአሠሪዎ የሚያቀርቡት ክርክር በቁጥር ቢሆን ይሻላል። ፀሐይ ሳትወጣ በየቀኑ ኦክስጅኑን ለክተው ይመዝግቡ። እኔ ብሆን በሊትር ከ5 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ ዓሣ በመረብ ከረጢት ማቆየት ይከልከል፣ ማጥመድም በጠዋቱ ቀዝቃዛ ሰዓት ብቻ ይፈቀድ የሚል ደንብ በማውጣት አልወሰንም፤ ጠዋቱ ቢቀዘቅዝም ኦክስጅኑ ዝቅተኛ የሚሆነው ያኔ ስለሆነ ቁጥሩ እስኪመለስ ድረስ ሐይቁን እዘጋለሁ። አጥማጆቹ የሚጥሉት የበቆሎና የተቀመመ ማጥመጃ እህልም እንደ መኖ ይቆጠራል፤ ያልተበላው ወለል ላይ ይበሰብሳልና በሙቀቱ ወራት መጠኑ ይገደብ።

ውኃ ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ ለመጨመር ካሰባችሁ በቀን ከ20 ሜትር ኩብ በላይ ለመቅዳት ኢንቫይሮመንት ኤጀንሲ ከተባለው መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አሠሪዎ ያውቁ ይሆናል፤ በድርቅ ጊዜ ደግሞ የተሰጠ ፈቃድም ሊገደብ ይችላል። ዓሣ ወደ ሌላ ሐይቅ ማዛወርም እንዲሁ ፈቃድ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ግን ከኦክስጅን ጋር አያምታቱት። የሚሞተው ካርፕ ብቻ ሆኖ በዚያው ሐይቅ ያሉት ሌሎች ዓሦች ደህና ከሆኑ፣ ሞቱም በንጋት ሳይወሰን ቀኑን ሙሉ ከቀጠለ፣ የሞቱት ዓሦች ዓይናቸው ወደ ውስጥ የገባ፣ ስንጥባቸውም የነጣና የበሰበሰ ነጠብጣብ ያለበት ከሆነ፣ ኮይ ኸርፐስ ተብሎ የሚጠራው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ ውኃው ከ16 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የሚነሳ ሲሆን ሰውን አይይዝም፤ መድኃኒት ግን የለውም፤ በእንግሊዝ ሕግ ለመንግሥት መነገር ካለባቸው በሽታዎች አንዱ ነው። ምልክቱን ካዩ የሞተውን ዓሣ አይጣሉ፣ መረቡንም ወደ ሌላ ሐይቅ አይውሰዱ፤ በዌይመዝ ለሚገኘው የዓሣ ጤና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚያው ቀን ይደውሉ።